የትሮይቪሉ የግሪክ እንስራ

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል መልስ መስጠት ያስጠላኛል። ባሌ ሐኪም ነው፤ "ሐኪም ነኝ" ይላል፣ ይከበራል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን "ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥንት ግሪኮችን የሸክላ ዕቃ እጠብቃለሁ፣ ስለሱም አስተምራለሁ" ስል ሰው ያዝንልኛል። አንዲት ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጄን ይዛ "ታዲያ ዶክትሬት ድረስ የተማርሽው ለገል ነው?" ብላኛለች። ለማሾፍ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ እሷ ግን ከልቧ ነው ያዘነችልኝ። ለገል ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ!

ገሎቼ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዘዋል። ወይንና ውሃ የሚቀላቀልበት ሆደ ሰፊ ጋን አለ፤ ወይን ሳይበርዙ መጠጣት እነሱ ዘንድ የባለጌ ሥራ ነበር። ሦስት እጀታ ያለው የውሃ እንስራ አለ፤ ሁለቱ ለማንሳት፣ አንዱ ለመቅዳት። ከውጭ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች የተሣሉበት ጽዋ አለ፤ ጠጪው ቀና አድርጎ ሲጨልጠው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ጭንብል ያጠለቀ ይመስላል። ወደ መቃብር ዘይት የሚወሰድበት ቀጭን ዕቃም አለ። የዚህ ዓይነቱ አንዳንዱ ከውስጥ ትንሽ ኩባያ ተደብቆበታል፤ ከላይ ሲያዩት ዘይቱ ጢም ያለ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ሁለት ጉንጭ አይሞላም። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ "ኤይሽ!" ብለው ይስቃሉ። ለቅሶ ቤት የሚወስደውን የሚያሳንስ ሰው በየዘመኑ አለ።

እኔ የምወደው ግን የሙሽራውን ዕቃ ነው። አንገቱ ረዥም፣ ወገቡ ቀጠን ያለ እንስራ ነው። በሠርጉ ዕለት ሙሽሪትና ሙሽራው የሚታጠቡበት ውሃ ከምንጭ የሚመጣው በእሱ ነበር፤ ሴቶች በሰልፍ፣ ዋሽንት እየተነፋ። ሳታገባ የሞተች ልጅ ካለች ደግሞ ያንኑ እንስራ መቃብሯ ላይ ያቆሙላታል። እኛ ዘንድ ያለው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ አንገትና ትንሽ ትከሻ። ሙሉውን በእጄ ሠርቼ ለተማሪዎቼ ለማሳየት ስንት ወር እንደደከምኩ እኔና የዩኒቨርሲቲው የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ነን የምናውቀው። ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ አንገቱ ይዘማል፣ ወይ ጥቁሩ ቀለም እንደ ቆሻሻ ሻይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አንዱንማ በንዴት ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እትዬ የመጣችው።

እትዬን ያወቅኋት ለትምህርት ጆሀንስበርግ የመጣሁ ሰሞን ነው። ትሮይቪል ካለው ቤቷ አንድ ክፍል አከራየችኝ። የሐበሻ ሱቅ በሞላበት ጄፒ ሰፈር መጋረጃና አልጋ ልብስ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ከደቡብ ስለሆነች አማርኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለም፤ ስትቆጣ ግን ከእኔ ከአዲስ አበባዋ የበለጠ ታውቅበታለች። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስላት "ቆይ ስሞት አንቱ ትዪኛለሽ፤ አሁን በሕይወት ነኝ፣ አንቺ በይኝ" አለችኝ። ሲያመኝ ሾርባ ይዛ በሬን ያንኳኳችው እሷ፣ ስዳር ባሌን አስቀምጣ እንደ ፖሊስ የመረመረችው እሷ ናት። አግብቼ ከወጣሁ በኋላም ቤቴ ከቤቷ ሦስት መንገድ አይርቅም። የምትጠራኝ "አንቺ ዶክተር" ብላ ነው፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሹፈት ነው።

አንድ ቀን የቤቴን ቁልፍ ሱቋ ረሳሁና በታክሲ ይዛልኝ መጣች። የዩኒቨርሲቲው በር ጠባቂ "ሳውቦና፣ ማ" ቢላት በዙሉ የቤተሰቡን ጤንነት አንድ በአንድ ጠይቃው፣ ሰውየው ራሱ እስከ ክፍሌ ድረስ አደረሳት። ጠረጴዛዬ ላይ ለጽዳት የወጣ፣ ግማሽ ጎኑ የጎደለ የውሃ እንስራ ነበር። ቁልፉን እንኳ ሳትሰጠኝ ጎንበስ ብላ በጎደለው በኩል ውስጡን ማየት ጀመረች።

"አትንኪ!" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"ማን ነካው? ዓይን አይሰብርም" አለች ቀና ሳትል። ቆየት ብላ "ይሄ ሰውዬ ችኩል ነው" አለች።

"የትኛው ሰውዬ?"

"የሠራው ነዋ! አንገቱን ለብቻው ነው የሠራው፣ በኋላ ነው የቀጠለው። ሆዱ ትንሽ ጠንከር እስኪል አልጠበቀም። ይኸው፣ ትከሻው ወደ ውስጥ ሰመጥ ብሏል። እጀታውን ሲለጥፍ ደግሞ ከውስጥ በአውራ ጣቱ ደግፏል፤ እዪ፣ ጣቱ አለ። ግራኝ ነው።"

ያን ጣት እኔ አውቀዋለሁ። ግራኝነቱን ግን በስንት ዓመቴ አላየሁትም። "ኧረ በስመአብ! ይህን እንዴት አወቅሽ?" ስላት ፊቷ ተለወጠ። "ዝም ብዬ ነው፤ ነገር ሳበዛ" አለችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናዬ ነበርን። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴትዮ ግማሽ መንገድ ለውዝ ስትፈለፍል መጣች። ሮቦት በምንለው የትራፊክ መብራት ላይ ቀይ በርቶ ቆመን ሳለ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔም ባሌ እስኪወስደኝ ድረስ ሠርቻለሁ" አለችኝ።

የዚህን ክብደት ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እሷ ከመጣችበት አገር ሸክላ ሠሪ እንደ ሰው አይቆጠርም። በሠራችው ድስት ይበሰላል፣ በሠራችው እንስራ ውሃ ይቀዳል፤ እሷ ግን ከሰው ገበታ አትቀርብም፣ ከእጇ አይበላም፣ ከወገኗ አይጋቡም፣ ስትሞት እንኳ ለብቻ ነው የምትቀበረው። ስም አውጥተውላቸዋል፤ ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። እኛስ ሰሜኖቹ እንሻላለን? "ዓይኗ ይበላል" እየተባለ ነው ያደግሁት። ከባላባት ወገን የሆነው ባሏ ግን ወዷት፣ ሁለቱም ከቤተሰብ ተቆርጠው፣ ድንበር እያቋረጡ እዚህ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ከሟች ባሏ በቀር ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። ልጇም አታውቅም።

ይህን ተናግራ ስትጨርስ ጭኗ ላይ ካለው የወረቀት ከረጢት ለውዝ ዘግና ዘረጋችልኝ። እኔ፣ የተማርኩት፣ ስለ ሸክላ ሠሪ ክብር በየጉባኤው የምደሰኩረው፣ እጄ መሪው ላይ ቀረ። አንዲት ሰከንድ ብትሆን ነው። አየችኝ። ከዚያ ለውዙን ተቀብዬ አፌን ሞላሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው! ያን ያህል በራሴ አፍሬ አላውቅም። "ይቅርታ፣ እትዬ" አልኳት አፌ ሙሉ እንደሆነ። "ተይው፤ አረንጓዴ በርቷል፣ ንጂ" አለች።

የነገረችኝ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሆዷ በጭንቅ ሞልቶ ነበር። ልጇ ፋርማሲስት ናት። ዳቬይተን ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ የእሷው አገር ሰዎች ልጅ ወዷት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ዘር ይጠይቃል፤ በእነሱ አገር ጎሳ ሳይጠየቅ ጋብቻ የለም።

"ልጁ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ልጁ ቢያውቅም ይወስዳታል" አለች። "እኔ እኮ ያገባሁት በጓሮ አጥር ዘልዬ ነው። የመረቀኝ የለም፣ የሸኘኝ የለም። እናቴ እንኳ የሰማችው በማግስቱ ነው። ልጄ ተለምና፣ ተመርቃ፣ በደጅ እንድትወጣ ነው የምፈልገው። ሌላ ከእግዚአብሔር የምለምነው ነገር የለኝም።"

ላልናገር ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ዩኒቨርሲቲ መምጣት የጀመረችው። እኔ ነኝ የወተወትኳት። "ማንም የለም፣ ግቢው ባዶ ነው፤ አንገቱን ብቻ አሳዪኝ" አልኳት። መጀመሪያ ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነክራ አሸተተችው። "ይሄ አፈር ገና አልተኛም" አለች። የተሰበረውን የራሴን ሙከራ አስወቀጠችኝ፣ አስነፋችኝ፣ ከጭቃው ጋር ቀላቅላ በእግሯ ረገጠችው። የሚሽከረከረውን መሥሪያ አሳየኋት፤ ግሪኮቹ በእሱ ነበር የሚሠሩት። "ራሴን ነው የሚያዞረኝ" ብላ ተወችው። እኛ አገር ጭቃው አይዞርም፣ ሴትየዋ ናት የምትዞረው። ቁና የሚያህለውን ጭቃ ሆዱን በቡጢ ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ በዙሪያው ወደ ኋላ እየሄደች ግድግዳውን ስትስበው፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት መሆኗ ጠፋኝ። ታንጎራጉር ነበር። በሃያ ዓመት ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ከሁሉ የገረማት የተኩሱ ነገር ነው። የግሪኮቹ ጥቁር ቀለም ቀለም አይደለም፤ ያው ራሱ ጭቃ ነው፣ ውሃ ውስጥ ደጋግሞ የጠለለና እንደ ክሬም የላመ። እሱን በብሩሽ ትቀቢዋለሽ። ምድጃው መጀመሪያ አየር ያገኛል፣ ሁሉም ይቀላል። ከዚያ ታፍኖ በጭስ ይሞላል፣ ሁሉም ይጠቁራል። መጨረሻ አየር ሲመለስለት የእንስራው ገላ ወደ ቀይ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን እንደጠቆረ ይቀራል። እኔ ይህን በኬሚስትሪ ስደረድርላት "እናቴ በእበትና በገለባ ስታፍነው ነበር የሚጠቁረው፤ ቶሎ ከከፈተችው ዥጉርጉር ይሆናል" አለች። ለካ ሁሌም የምሳሳተው ቶሎ በመክፈቴ ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። በዚያ ቅዳሜ የጋዙን ምድጃ እሷ እያዳመጠች፣ "ቆይ... ቆይ... እህህ፣ አንቺ ሴት ቆይ እንጂ!" እያለች አስጠብቃኝ፣ ስንከፍተው ጥቁሩ እንደ ተወለወለ ጫማ አብረቀረቀ። እልል አልኩ። አፌን በጭቃ እጇ ያዘችኝ።

ሥዕሉ የኔ ነው። ሙሽሪት በሠረገላ፣ እናቷ ችቦ ይዛ ከኋላ። እትዬ ሥዕሉን ዞር ዞር አድርጋ አየችና "በጉ ምን ይሠራል?" አለችኝ። ፈረስ ነው። ደጋግሜ ነገርኳት፣ ፈረስ ነው!

አንድ ቀን ደግሞ ከእነዚያ ሸክላ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ዕቃው ላይ ስማቸውን ይጽፉ እንደነበር ነገርኳት፤ "እገሌ ሠራኝ" ብለው። ብዙዎቹ መጤዎች እንደነበሩ፣ ከተማቸውም እምብዛም እንዳልከበራቸው ጨመርኩላት። ማለስለሻ ድንጋዩን አስቀመጠች።

"ስሙን? ሸክላ ሠሪው?"

"አዎ።"

"ማን ፈቀደለት?"

ማንም አልፈቀደለትም አልኳት። ድንጋዩን አንስታ ማለስለሷን ቀጠለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እንስራው ሲያምር ጊዜ ለልጅቷ የሠርግ ስጦታ ይሁን አልኩ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ዕለትም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ብዬ ድርቅ አልኩ። እትዬ "ይቅርብን" ብላ ነበር። "የግሪክ ዕቃ ነው ብለን! ማን ያውቃል?" አልኳት። ልጅቷም "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሶ ብዩቲፉል!" እያለች አገዘችኝ። ሁለት ለአንድ ሆነንባት ተሸነፈች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሽማግሌዎች መጡ። የልጅቷ አባት ስለሌለ ባሌ በአባትነት ተቀመጠ፣ እኔም አጠገቡ። እናት በወጉ ጓዳ ነው የምትሆነው፤ የትሮይቪል ቤት ግን ጓዳ የለውም። እትዬ ሳሎኑን ከወጥ ቤቱ ከሚለየው አጭር ግንብ ጀርባ፣ ምድጃው ዘንድ ቆማለች፤ አለሁም የለሁም ሳትል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ "ሳንሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ፣ ልጅ ፍለጋ መጣን አሉ። የልጁ አጎት ነበሩ የሚናገሩት፤ ጢማቸው የተበጠረ፣ ድምፃቸው የሚጥም ሰውዬ።

"በአባቷ በኩል ሟቹን እናውቃቸዋለን፣ የከበረ ወገን ነው" አሉ። "በእናቷስ?"

ባሌ እትዬ ያስጠናችውን መልስ፣ ወረዳውንና ወንዙን ጠቅሶ አለሳለሰው። አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከቀረበላቸው ድፎ ቆረስ አደረጉ፤ ያለፈልን መሰለኝ። ያን ጊዜ ዓይናቸው እንስራው ላይ አረፈ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ? የሙሽራ ውሃ ዕቃ ነው፣ ግሪኮች እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ ዋሽንት፣ ምንጭ... ለቀቅኩት። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ሰሙኝ። አጎትየው አነሱት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ።

"ከግሪክ አገር ነው የመጣ?"

"ቅጂው ነው፤ እዚሁ የተሠራ።"

"ማን ሠራው?"

"እኔ" አልኩ።

ሰውየው ግን የገጠር ገበያ ያደጉ ናቸው። ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱት። "በእጅ የተሳበ ነው" አሉ። "ይህን እጅ አገሬ ገበያ አውቀዋለሁ። ይሄ በትምህርት አይመጣም።" ከዚያ እየሳቁ፣ ያን እኔ የማልጽፈውን ስም ጠርተው "ዶክተሯ የእነሱ ወገን ነሽ እንዴ?" አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። የቆረሱትን ድፎ ግን ሳህኑ ላይ መልሰው፣ ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት።

ደሜ ፈላ። ስድቡን ለእኔ ስላሉት አይደለም፤ የእሷን ድፎ ስለገፉባት ነው። "አዎ ነኝ!" አልኩ። "እናቴም ሸክላ ሠሪ ናት፣ አያቴም! ምን ይሁን?" እናቴ አዲስ አበባ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ባሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን ያያል።

"ውሸቷን ነው።"

እትዬ ናት። ከግንቡ ጀርባ ወጥታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ሳሎኑ መሀል ቆመች።

"እሷ ይህን ልትሠራ! አንገቱን ስንት ጊዜ ስታጎብጠው አይቻለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። የጠሯቸው ሰዎች ወገኖቼ ናቸው።" ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ በጣቷ ወደ ሥዕሉ አመለከተች። "ያ በግ ብቻ የእሷ ነው።"

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ ፈረስ ነው አላልኩም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ተነሡ፣ "እንመካከርና እንመለሳለን" አሉ። ቀጠሮ ሰጪው የልጅቷ ወገን መሆኑ ቀርቶ እነሱ ቀጠሮ ሰጪ ሆኑ፤ የትኛው ቀን እንደሆነም አልተናገሩም። አጎትየው ሲወጡ ለእኔና ለባሌ እጃቸውን ሰጡ። ለእትዬ ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ልጅቷ ከመኝታ ክፍሏ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ እናቷ ፊት ቆመች። "ሶ ዋት፣ ማሚ? ሸክላ? ፋርማሲ ውስጥ የምበጠብጠው ከዚያ በምን ይለያል?" አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። "አያት እንዳለችኝ ለምን አልነገርሽኝም?" እትዬ የመለሰችላትን አልሰማሁም፤ ባሌ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

አንድ እሑድ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ልጁ በየቀኑ ይደውላል፤ "እኔ አልቀየርም፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም" ይላል። ልጅቷ ልትስማማ ምንም አልቀራት። እትዬ ግን "ይኸው፣ እንደኔ አጥር ልትዘል ነው" ብላ ሱቋ ውስጥ መጋረጃ ስታጥፍ ትውላለች፤ የታጠፈውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ስልክ ተደወለ፤ እሑድ እንመጣለን አሉ። ምን ይዘው እንደሚመጡ አልተናገሩም። እትዬ ቅዳሜ ጧት ቤቴ መጣችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ምግቡን አንቺ ቤት ሥሪና ይዘሽ ነይ። እዚያ ሲደርሱም አንቺው አቅርቢው። ሰዎቹ እንዳይቸገሩ።"

"ምን?"

"አትጩኺ። ለልጄ ነው።"

ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሠራሁ። እኔ ደግሞ ወጥ ላይ እጄ አያምርም፤ አገር ያውቀዋል።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አጎትየው የሉም፤ "እግራቸውን አሟቸው" ተባለ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ በሽምግልና ላይ ሴት መምጣት ባልተለመደበት፣ የልጁ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። አጭር፣ ጥቁር፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ ተቀመጡ። እትዬ ከግንቡ ጀርባ ቆማለች፤ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃቸዋለች።

ወጡን አቀረብኩ። የልጁ እናት አንዴ ጠቀሱ፣ አኘኩ፣ ቆም አሉ።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፤ አሁንስ እውነቴን ነው።

"ጨው የለውም" አሉና ሳህኑን አስቀመጡ። ባሌ ሳቁን ለመደበቅ ሳለ። ሴትየዋ ተነሡ፣ ግንቡን ዞረው ወጥ ቤት ገቡ። እትዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች፤ ከኋላዋ ፍሪጁ ስለሆነ ሌላ መሸሻ የላትም።

"አንቺ ምን አለሽ?" አሏት በአገራቸው ቋንቋ፤ ልጅቷ ናት በኋላ የተረጎመችልኝ።

"ምንም የለኝም። የትናንት ጎመን ብቻ ነው።"

"የትናንት ጎመን እወዳለሁ። ከእጅሽ አጉርሺኝ።"

እትዬ እኔን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። እጇን ከሽርጧ አወጣች። ጎመኑን በቆጮ ጠቅልላ አነሳች። ሴትየዋ አፋቸውን ከፍተው ጠበቋት። ጎረሱ። አላምጠው ሲውጡ "ድገሚኝ፤ አንድ ያጣላል" አሉ። ደገመቻቸው። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው ነበር፤ ትልቁ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው "እንግዲህ ልጃችንን ስጡን" አሉ።

ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ፣ ምርቃቱ ወረደ፣ ልጅቷ ጉልበት ሳመች። በዚያ ሁሉ ግርግር እትዬ ጠፋችብኝ። መታጠቢያ ቤት አገኘኋት፤ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጎመን የነካ እጇን ሳትታጠብ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየዋለች።

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ከእጄ በልቷል" አለችኝ። "ሳያውቅ። አውቆ የበላ ባዳ ዛሬ አየሁ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "አንቺን አልቆጥርም፤ አንቺ ልጄ ነሽ" አለች።